«ውሃ አያስገባም፣ ይተነፍሳል፣ አይታይም»፦ የአዳኝ ልብስ ማስታወቂያ በጅማ ዝናብ ሲመዘን

ጃኬቱን ሳታዩት አትቀሩም። ቅጠልማ ዥንጉርጉር ነው፣ ኪሱ ብዙ ነው፣ ደረቱ ላይ ባለ ጭረት መለጠፊያ አለው። በቴሌግራም የሚሸጠውም ሕርማታ መርካቶ ከሰልባጅ ክምር የሚወጣውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ስሙ «ታክቲካል» ወይም «ሀንቲንግ» ይባላል። ከሥሩ የሚጻፈውም ዝርዝር አይለወጥም፦ ውሃ የማያስገባ 10,000 ሚሊ ሜትር፣ የሚተነፍስ 5,000 ግራም፣ ከእንስሳት ዓይን የሚሰውር፣ የሰውነት ሽታ የሚያጠፋ። አንዳንዱ «ለጀማሪ አዳኝ ሙሉ መፍትሔ» ብሎ ይጨምርበታል።

ሰው ለመጽሐፍና ለፊልም ሂስ ይጽፋል። እኔ ደግሞ ለዚህች አራት መስመር ሂስ ልጻፍላት። ምክንያቱም ማስታወቂያዋ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለችም። ቁጥሮቿ እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ችግሩ የተለኩበት ቦታና እናንተ የምትለብሱበት ቦታ መለያየቱ ነው።

በመጀመሪያ ግን ማን ነው አዳኙ? በአገራችን አደን በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ነገር ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይህን ይደነግጋል፤ ስለዚህ «ልብሱን ገዛሁ፣ ልውጣ» የሚባል ነገር የለም። በጅማ ዙሪያ፣ በጌራ፣ በጎማ፣ በሊሙ ጫካ ውስጥ በእርግጥ የሚውለው ሌላ ሰው ነው። ከርከሮና ዝንጀሮ ከበቆሎው የሚጠብቅ ገበሬ አለ፣ ቀፎ ሊሰቅል የሚወጣ ማር ቆራጭ አለ፣ የደን ጥበቃ ሠራተኛ አለ፣ ወፍ ቆጣሪ ተማሪ አለ፣ «በካሜራ ነው የማድነው» የሚል ወጣትም እየበዛ ነው። የአደን ልብስ ገበያ ለእነዚህ ሁሉ ነው የሚሸጠው። ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ረጅም ሰዓት ርጥብ ቦታ መዋል፦ ሥራው ከአዳኝ ሥራ ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ እኔም «አዳኝ» የምለው እነሱን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 10,000 ሚሊ ሜትር ማለት ምንድን ነው? ጨርቁ በመሣሪያ ይወጠርና በአንድ በኩል የውሃ ግፊት እየተጨመረበት ይሄዳል። በሌላው በኩል ሦስተኛዋ ጠብታ ስትወጣ ይቆምና ግፊቱ ስንት ሜትር ከፍታ ካለው የውሃ ዓምድ ጋር እኩል እንደሆነ ይጻፋል። 10,000 ሚሊ ሜትር 10 ሜትር የውሃ ዓምድ ነው፤ ወደ 98 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል።

ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? እስቲ እናስላው። ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ነው። የውሃን እፍጋት በፍጥነቱ ካሬ አባዝተን ለሁለት ብንከፍል 40 ኪሎ ፓስካል አካባቢ እናገኛለን፤ ይህም 4 ሜትር የውሃ ዓምድ ማለት ነው። እንግዲህ ለቀጥታ ዝናብ ብቻ ከሆነ 5,000 የተጻፈበት ርካሹ ጃኬት በቂ ነው፣ ለ10,000ው ተጨማሪ ብር አይከፈልም። ርጥብ መሬት ላይ ስትንበረከኩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 40 ኪሎ የሚሆን ክብደታችሁ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር በምታህል የጉልበት ጫፍ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ከ150 ኪሎ ፓስካል ያልፋል። ይህ ከ15 ሜትር ውሃ በላይ ነው። 10,000ውም አይችለውም። ፎቶ ለማንሳት የሚንበረከክ ሰው ጉልበቱ የሚርሰው ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱም ውድ ሱሪ ሳይሆን ከጉልበት ሥር የሚነጠፍ ቁራጭ ማዳበሪያ ከረጢት ነው።

ደግሞ የተለካው ጨርቁ ነው፣ ጃኬቱ አይደለም። ጃኬት ስፌት አለው፣ እያንዳንዱ ስፌት የመርፌ ቀዳዳ ረድፍ ነው። ገልብጣችሁ ስታዩት በስፌቱ ላይ ከውስጥ በሙቀት የተለጠፈ ቀጭን ጥብጣብ ከሌለ 10,000ውን እርሱት። ዚፑንና አንገቱንማ ተዉት።

የሚበልጠው ክርክሬ ግን «ይተነፍሳል» ከሚለው ቃል ጋር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኔም የጥናት ሰፈር ነው፤ እኔ የምለፋው ቡና እንዴት እንደሚደርቅ ነው፣ ማለትም ውሃ ከአንድ ቁስ ወጥቶ አየር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ። ጃኬቱና ቡናው የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው።

በ1969 (እ.ኤ.አ.) ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ ቴፍሎን የሚባለውን ፕላስቲክ በድንገት በመሳብ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስስ ሽፋን ሊሠራ እንደሚችል አገኘ። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ እጅግ ጠባብ፣ ለተን ግን ሰፊ ናቸው። ጎር ቴክስ የሚባለው ጨርቅ የተወለደው ከዚያ ነው፤ ዛሬ «የሚተነፍስ» የሚባሉት ጃኬቶች ሁሉ የእሱ ዘመዶች ወይም አስመሳዮች ናቸው። ግኝቱ ትልቅ ግኝት ነው፣ አላጣጥለውም።

ነገር ግን ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ተኑን አያወጣውም። የሚገፋው የግፊት ልዩነት ነው። ላብ ያለበት፣ 35 ዲግሪ የሞቀ ቆዳ አጠገብ ያለው የውሃ ተን ግፊት 5.6 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ቢሆን፣ አየሩ በተን ቢሞላ እንኳ ግፊቱ 0.4 ብቻ ነው፤ ልዩነቱ 5.2። ልብሱ የተፈተነበትና የተወደሰበት የሰሜን አገር ተራራ ይህን ይመስላል። አሁን ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆማችሁ ወደ ከተማዋ እያያችሁ ነው እንበል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አየሩ ከዚህ በላይ ተን መሸከም አይችልም። የውጭው ግፊት 2.3 ነው። ልዩነቱ 3.3 ብቻ። ያው ጃኬት፣ ያው ገላ፣ ግን የሚገፋው ኃይል ከሲሶ በላይ ቀንሷል። የታጠበ ቡና በደመናማ ቀን አልጋ ላይ ተሰጥቶ አልደርቅ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ገበሬው ይህን ያለ ካልኩሌተር ያውቀዋል፣ ፍሬውን ይሸፍንና ፀሐይ ይጠብቃል። ጃኬት የለበሰ ሰው ግን ላቡን አቁሞ ፀሐይ መጠበቅ አይችልም።

በዚያ ላይ 5,000 ግራም የሚለውን ቁጥር እንፍታው። በአንድ ካሬ ሜትር በ24 ሰዓት ነው። ለአንድ ሰዓት ስታካፍሉት 208 ግራም ይመጣል፣ እሱም በቤተ ሙከራ ተስማሚ ሁኔታ። ጃኬቱ የሚሸፍነው አንድ ካሬ ሜትር ያህል ነው እንበል። ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ላብ ቢያወጣ የሚገርም ነገር የለውም። ቀሪው የት ይሄዳል? ከውስጥ ይቀራል። ከውጭ ደግሞ ጃኬቱ ሲቆሽሽ ውሃ የሚያንሸራትተው ቅብ ይደክምና ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፤ ያ የውሃ ንጣፍ ቀዳዳዎቹን ይዘጋቸዋል። ሰውየው «ጃኬቱ አፈሰሰብኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አላፈሰሰም፤ ያረሰው የገዛ ላቡ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ጨርቁ ውስጥ ሳይሆን ቅርጹ ውስጥ ነው። ገሳን አስቡት፤ እረኛ በክረምት ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገውን የሣር ካባ። እያንዳንዱ ሣር ወደ ታች ያዘነበለ ስለሆነ ጠብታው እንደ ጎጆ ክዳን እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ከታች ክፍት ስለሆነ አየር ይገባል፣ ተኑም ይወጣል። ጅማ ላይ ልጆች የኮባ ቅጠል ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው የሚሮጡትም ሳያውቁት ያንኑ ምሕንድስና እየተጠቀሙ ነው። ዘመናዊ ዘመዳቸው ሰፊው የላስቲክ ፖንቾ ነው፤ ዋጋው የጃኬቱን ሩብ አይሞላም፣ ቦርሳንም አብሮ ይሸፍናል። ቁሙና ጠብቁ ለሆነ ሥራ ደግሞ ጃንጥላን የሚያህል «የሚተነፍስ» ነገር እስካሁን አልተፈጠረም። አዎ፣ አያምርም። እሾህ የበዛበት ቁጥቋጦ ውስጥም አይሆንም፣ እዚያ ጃኬቱ ይሻላል። ለዚያም ቢሆን ብብቱ ሥር ዚፕ ያለውን ምረጡ፤ ያ የተናቀ ዚፕ ከ5,000ው ቁጥር የበለጠ ተን ያስወጣል።

ከውስጥስ? ስለ ጥጥ እውነቱን እንናገር። ጋቢያችን ደረቅ ሲሆን ድንቅ ሙቀት ጠባቂ ነው፣ በአራት ድርብ መሐል አየር ይይዛል፤ የሚያሞቀንም ያ የቆመ አየር ነው። ውሃ ግን ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። ጥጥ ሲርስ አየሩን በውሃ ይተካውና ጋቢው ከባድ ማቀዝቀዣ ይሆናል። የጅንስ ሱሪም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል፣ ጌራ ውስጥ ጠዋት የረሰ ጅንስ ማታም ርጥብ ነው። ፖሊስተር በክሩ ውስጥ የሚይዘው እርጥበት ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ጥጥ ግን በተለመደ የክፍል አየር እንኳ 8 በመቶ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ «ልዩ የአዳኝ ውስጥ ልብስ» ተብሎ ከሚሸጠው ይልቅ የኳስ ማሊያ ልበሱ። በቀልድ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የጅማ አባ ጅፋር ማሊያ ቢሆን እንኳ ጨርቁ ያው ፖሊስተር ነው፤ በነፋስ በአንድ ሰዓት ይደርቃል፣ ሲንቀሳቀሱበትም አይንሿሿም። ለቅዝቃዜ ከላዩ የሱፍ ሹራብ። ሱፍ ቢረጥብም ክሩ እንደ ጥጥ ስለማይተኛ ጥቂት አየር አይለቅም።

አሁን ሦስተኛዋ መስመር፣ «ከእንስሳት ዓይን የሚሰውር»። ዥንጉርጉሩ የማንን ጫካ ነው የሚመስለው? አብዛኛው የተሣለው ቅጠሉ የረገፈ፣ ቡናማ ግንድ የበዛበት የአውሮፓና የአሜሪካ ጫካ እያዩ ነው። የኛ የቡና ጫካ፣ ዋንዛውና ብሳናው፣ ቢርቢራውና ሰሳው ከላይ ጥላ፣ ከታች ደግሞ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ የቡና ቅጠል ነው። ያም ሆኖ ቅጡ ትልቁ ጉዳይ አይደለም። ድኩላን ጨምሮ አብዛኞቹ ባለ ሰኮና እንስሳት ቀለም የሚለዩት በሁለት ዓይነት ተቀባይ ሕዋስ ነው፤ ቀይና ብርቱካንማን እኛ እንደምናየው አያዩም። ሰማያዊን ግን በደንብ ያያሉ። ዝንጀሮ፣ ጦጣና ጉሬዛ ደግሞ እንደኛው ባለ ሦስት ናቸው፤ ለእነሱ የምትደበቁት ነገር የለም፣ እነሱ እናንተን ካዩ ቆይተዋል። የሁሉንም ዓይን የሚስበው እንቅስቃሴ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በግራጫ ሹራብ፣ እየተወዛወዘ ስልክ ከሚነካካ ባለ ዥንጉርጉር ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ፦ ብዙ የልብስ ሳሙና ዱቄት ነጭን ለማድመቅ የሚጨመርበት ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃል። ውዱን የመሰወሪያ ልብስ በኦሞ አጥቦ ለድኩላ ዓይን ማድመቅ ይቻላል ማለት ነው።

ቀለም በጅማ ዙሪያ ሌላም ሒሳብ አለው። ከአዲስ አበባ በመንገድ ስትመጡ የምትወርዱት የጊቤ ሸለቆ የቆላ ዝንብ አገር ነው፤ ከብቱን በገንዲ በሽታ የሚጨርሰው ዝንብ። ይህ ዝንብ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ይስበዋል። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያው ሸለቆ ውስጥ በፀረ ተባይ የተነከረ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ እየሰቀሉ ዝንቡን ይገድሉት ነበር። እናንተ ጥቁር ሱሪ በሰማያዊ ጃኬት አድርጋችሁ ስትገቡ የምትመስሉት ያንን ወጥመድ ነው፣ ያለ መርዙ። ንብም እንዲሁ ጥቁርና ጸጉራም ነገር ላይ ይበረታል፤ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሥር የሚያልፍ ሰው ካኪ ቢለብስ ይመረጣል። ካኪ፣ አሰልቺው ካኪ፣ የሁሉም መልስ ሆኖ ተገኘ።

ከእንስሳው ዓይን ይልቅ የሰው ዓይን ያሳስበኛል። እዚህ አገር ዥንጉርጉር ልብስ ሬንጀር ነው፤ ሬንጀር ደግሞ የወታደር ነው። ሲቪል ሰው የሠራዊት ልብስ መልበስ አይፈቀድለትም፣ «የአሜሪካ አዳኝ ልብስ ነው» የሚል ማብራሪያ ኬላ ላይ አይሠራም። ሻጩ ይህን ሲነግራችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። በተቃራኒው፣ ከርከሮ የሚጠብቅ ሰው መሣሪያ ይዞ ሊሆን በሚችልበት ማሳ ዳር መሰወር ራሱ አደጋ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዳኝ ደማቅ ብርቱካንማ ሰደርያ እንዲለብስ ሕግ ያስገድደዋል። ድኩላው አይለየውም፣ ሰው ግን ከሩቅ ያየዋል። የመንገድ ሠራተኛ የሚለብሰው ብርቱካንማ ሰደርያ ከማንኛውም «ታክቲካል» ነገር የበለጠ ነፍስ ያድናል።

ስለ ሽታ ብዙ አልልም። ከሰል የተቀላቀለበት ጨርቅ ሽታ ይይዛል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ይሞላል፤ እንደገና ለማጽዳት ብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ጨርቁም በዚያ ሙቀት አመድ ይሆናል። አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ አዳኞች በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ዳኛው «ሽታ ያጠፋል» ዓይነቱን ማስታወቂያ ሐሰት አሉት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በዓመቱ ውሳኔውን ሻረ፣ «ያጠፋል» ማለት የግድ «ሙሉ በሙሉ ያጠፋል» ማለት አይደለም በሚል መንፈስ። የማስታወቂያ ቋንቋ የሚኖረው በዚህች ቀዳዳ ውስጥ ነው። እናንተ ግን በኪሳችሁ ቆንጥራ አመድ ያዙ፤ ብትን ስታደርጉት ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያችኋል። ሌሊትና ማለዳ ቀዝቃዛ አየር ከኮረብታው ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ፀሐይ ስታሞቀው ወደ ላይ ይመለሳል። ያንን ያወቀ ሰው ከሰል አያስፈልገውም።

አራቱን መስመር ጨረስን፤ ማስታወቂያው ግን ስለ እግር አንድም ቃል አልተናገረም። የኔ ዋናው ቅሬታ ይህ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋማ አገር በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው ላይ የሚመጣ በሽታ አለ፦ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው አንዱ ዓይነት፣ በሳይንሱ ስም ፖዶኮኒዮሲስ። ትል የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፣ ይኸኛው ግን የአፈሩ ጥቃቅን ማዕድን በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቱቦዎችን ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ስሙን የሰጠው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በአገራችን ታማሚዎቹ ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ይኸው ነው።

ቅዳሜ ለሽርሽር የወጣ ተማሪ በዚህ አይታመምም። አብሮት የሚሄደው መንገድ መሪ ግን፣ ዕድሜውን በሙሉ በዚያ አፈር ላይ በሸበጥ የሚራመደው፣ ሌላ ነው። የመስክ ሥራ በጀት ሲያዝ መጀመሪያ የሚታሰበው አርማ የተጠለፈበት ጃኬት መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ለጥበቃው የሚሰጠውም ያው ጃኬት ነው፣ በባዶ እግሩ ላይ። በአንድ ጃኬት ዋጋ ስንት ቦቲ ይገዛ እንደነበር ሕርማታ ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ለጀማሪው ራሱም ቢሆን ብሩ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ታች ነው። ለጭቃና ለጅረት የላስቲክ ቦቲ፣ በአንድ ቁጥር ሰፋ ያለና ከሱፍ ካልሲ ጋር፤ ላስቲክ አይተነፍስም፣ ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ አውልቃችሁ ካልሲ ቀይሩ። ለረጅም ጉዞ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የቆዳ ጫማ፣ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው። የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ መክተት መዥገርንም ሳማንም ይመልሳል፣ ለፎቶ ባያምርም።

ገበያ ስትወጡ መለያውን አታንብቡ። ምራቃችሁን አርጥባችሁ ጨርቁ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ ቅቡ ገና አለ፣ ከሰረገ ደክሟል። ገልብጡና የስፌቱን ጥብጣብ እዩ። ለብሳችሁ ቁጢጥ በሉ፣ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፤ ወገባችሁ ከተራቆተ ተዉት። ክንዱን ከጎኑ ጋር ፈትጉት፤ እንደ ቺፕስ ፌስታል ከጮኸ ለአደን ሳይሆን ለሰልፍ ነው። ጫማውን ከሰዓት በኋላ ሞክሩ፣ እግር እየዋለ ያብጣልና። ቤት ስትገቡ የረሰውን ቆዳ እሳት ዳር አታስጠጉ፣ ይሰነጠቃል፤ አሮጌ ጋዜጣ ጎስጉሱበትና ጥላ ውስጥ ተዉት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከነቃችሁ ጋዜጣውን ቀይሩለት።